ሦስት ሚሊ

ገጣሚ ነኝ ስላችሁ ቅኔ አትጠብቁ፤
መስታወት ነው የምገጥመው፤ ደሴን ጠይቁ።
ከፒያሳ ቁልቁል እስከ ቧንቧ ውሃ፣
ባለፎቁም ይሁን ባለአንድ መስኮት ድሃ፣
የጦሳን ብርድ ትቶ ፀሐይ የሚያስገባ
የእጄ ሥራ ነው። ሂሳቡ እንኳ ሳይገባ።

በጥር መጨረሻ፣ ከሌሊቱ ስምንት፣
ከአቶ ወንድይፍራው ፎቅ፣ ከምሥራቁ ፊት፣
ሦስተኛ ወለል ላይ አንድ መስታወት ፈነዳ።
ነፋስ አልነበረም። ድንጋይም፣ ባዳም፣ እንግዳ
አላለፈም በዚያ። አንድ ጊዜ ጮኸና
እንደ በረዶ ዘነበ፤ ጸጥ አለ እንደገና።

ዘበኛው ጋሽ ሙሄ፣ ከነካቦርታቸው፣
ጠዋት ተጠየቁ። «የት ነበሩ?» አሏቸው።
«እዚሁ።» «ማን ወረወረ?» «ወላሂ፣ ማንም።»
«ታዲያ ሰው ሳይነካው መስታወት አይሞትም!»
አንዱ ልጆች ነው አለ፣ አንዱ የቡዳ ዐይን፤
ሻይ ቤቱ በሙሉ ተካፈለው ክሱን።
ባለፎቁ ግን ጨረሰ፦ «ከደመወዛቸው
በየወሩ ይቆረጥ፤ ዕዳው የሳቸው።»

እኔ ግን አውቃለሁ። ቴምፐርድ ሲሠራ
ስድስት መቶ ዲግሪ አልፎ፣ ፍም ሆኖ ሲያበራ፣
ድንገት በነፋስ ይገርፉታል። ቆዳው
ቶሎ ደርቆ ይጨብጣል፤ ሆዱ፣ ገና ያልበረደው፣
ዘግይቶ ሲኮማተር ቆዳው አይለቀውም።
እንዲህ ተናንቆ ይኖራል፤ አንድ ቀን አይተኛም።
ጥንካሬው ያ ነው። ቁጣውም ከዚያው ነው።
ለዚህ ነው ከእሳት በኋላ መቁረጥ የማይቻለው።
ፊቱን በቡጢ በለው፣ ግድ የለውም፤ ጠርዙን
በሚስማር ጫፍ ንካው፣ ያፈሰዋል ሁሉን።
ሲሰበር ጥሬ ነው፣ እንደ ሽምብራ ቆሎ፤
ከሥሩ የሚያልፍ ሰው እንዲተርፍ ተብሎ።

አንዳንዱ ደግሞ ከእናቱ ሆድ ይዞት የሚወጣ
በሽታ አለው፤ ከምድጃው አብሮት የመጣ
የኒኬልና የድኝ ጠጠር፣ ዐይን የማያየው፤
ዓመት፣ ሁለት ዓመት ፀሐይ እያሳበጠው
አንድ ቀን ያፈርሰዋል። ጥፋቱ የማንም አይደል።
ይህን ነበር የተመኘሁት፦ የማንም ያልሆነ በደል።

ከግንባታ ቁጥጥር ኢንጂነር ጦይባ መጣች፤
ከቆሎው መሐል ተንበርክካ ማኅተም ፈለገች፤
ጥግ ላይ የምትገኝ፣ ጥፍር የምታህል፣
ማን እንደሠራው፣ ፈተና ማለፉን የምትል።
የለችም። «ማኅተም የሌለው ከሰው ራስ በላይ አይሰቀልም፤
እዚህ ከፍታ ላይማ ነጠላው አይበቃም፤
ሁለት ተደርቦ መሐሉ ፊልም ያለው፣
ቢሰነጠቅ እንኳ ተጣብቆ የሚቀረው፣
ይላል ደንቡ» አለች። ባለፎቁ ሳቀ፦
«ወረቀትማ አለን፤ ፕላኑ ጸደቀ።»

ፍሬሙ ላይ የቀሩትን ስብርባሪዎች አየን።
ስንጥቁ እንደ ጎዳና ወደ ምንጩ መራን።
ጠጠሩ ቢሆን ኖሮ መሐል ላይ ሁለት ቁራሽ
ክንፍ ለክንፍ ገጥሞ፣ ቢራቢሮ መስሎ፣ በታየ።
አልነበረም።
ስንጥቁ የሄደው ወደ ታችኛው ጥግ ነው፣
ጎማ ሲያልቅብኝ ብሎኑን ወዳጠበቅሁበት።
ሦስት ሚሊ ክፍተት ይላል ደንቡ። ሦስት ሚሊ።
ፀሐይ ሲያሰፋው፣ ብርድ ሲያጠበው፣ መተንፈሻ።
እኔ ግን ገጣሚ ነኝ፤ ክፍተት አይመቸኝም፤
ድፍን ካልሆነ ቤት የሚመታ አይመስለኝም።
ጠርዙ ብረት ነክቶ ሁለት ክረምት ቻለ።

ጦይባ ብሎኑን አየች፣ ቀጥሎ እጄን።
ምንም አላለችም። ጻፈች።
ጋሽ ሙሄ ጥሬውን በሳፋ እየጠረጉ
«አብሽር ልጄ፣ ሰው አልተጎዳ» አሉኝ፣
ገና ሳልነግራቸው።

ለባለፎቁ ነገርኩት። ግማሹን።
ዕዳው ከጋሽ ሙሄ ወደ እኔ ዞረ፤ ደግ።
ሌላው ግማሽ ይኸው፦
በዚያው ሳምንት፣ በዚያው እጅ፣ ያለ ጎማ፣
ሃያ ሁለት ሌሎች ገጥሜያለሁ።
ከነገ ጀምሮ መሰላል ተውሼ
አንድ በአንድ ላላላቸው ነው።
እስከዚያ በዚያ ፎቅ ሥር አትለፉ፤
በሰኞ ገበያ ዙሩ።